የጨጨሆ መንገድ፦ ከሴባስቶፖል እስከ ቻይና መንገድ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ሙቀት ከኋላው ትቶ ደብረ ታቦርን ያልፍና የጉናን ተራራ በቀኙ እያየ ይወጣል። ንፋስ መውጫ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የከተማዋ ስም ለምን እንደተሰጣት በኅዳር ወር ማለዳ ከመኪና የወረደ ሰው ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ወደ ጨጨሆ ሲጠጋ ደግሞ ግራና ቀኙ ገደል ይሆናል። በስተሰሜን የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜ፣ በስተደቡብ የሚወርደው በበሽሎ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። መንገዱ የሚሄደው በሁለቱ ተፋሰሶች መካከል ባለው ወገብ ላይ ነው።

እንግዳ ሰው መንገዱ ለዕይታ ሲባል በከፍታው ላይ የወጣ ይመስለው ይሆናል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ከወገቡ የወረደ ሁሉ ጥልቅ ሸለቆ መሻገር ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በየዘመኑ መንገድ ያወጡ ሰዎች የመረጡት ይህንኑ ከፍታ ነው።

ከሁሉም የሚታወሰው የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነበር፤ ዛሬ አንድ አይሱዙ ማዳበሪያ እንደማለት ነው። ነገር ግን መኪናም ሆነ ጥርጊያ አልነበረም። ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈለጠና ቁልቁለቱን እየደለደለ መድፉን በሰው ጉልበት ጎተተው። ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በጋይንት በኩል በጨጨሆ ወጥተው፣ ዋድላን አቋርጠው፣ ጅጣን ተሻግረውና ደላንታን አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ያህል የፈጀ ጉዞ መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ጦር በኋላ ያንን ጥርጊያ አይቶ አድንቆታል። ሆኖም አድናቆቱ የገበሬውን ዕዳ አይሸፍንም። በእነዚያ ዓመታት የበጌምድር ባላገር በሠራዊቱ ዘረፋ ጎተራው ተራቁቶ ነበር፤ ያ መንገድም እህሉን ወደ ገበያ ለማውጣት የተጠረገ አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ጎብኝተው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ከዚያም በተፈረመው የኢኮኖሚ ትብብር ስምምነት መሠረት ከወረታ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በቻይናውያን ተሠራ። ሥራው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ቀጥሎ በ1970ዎቹ ተጠናቀቀ። በመጀመሪያ ጠጠር፣ ኋላም አስፋልት ሆነ። ሕዝቡ ግን ስሙን «የቻይና መንገድ» እንዳለው ቀረ።

መንገድ የሚመጣበትን አይመርጥም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ የገባው በዚሁ በኩል ነው። ከተማዋ በተያዘችባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የደረሰው ግፍ በሰብዓዊ መብት ድርጅት ተመዝግቧል፤ ቤቶችና የሕዝብ ተቋማትም ተዘርፈዋል።

ዛሬ በዚህ መንገድ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይወጣል፤ ድንች፣ ገብስና ስንዴ ይወርዳል። አስፋልቱ ዳር ያለው ገበሬ ምርቱን ከደጁ ያስጭናል። ከገደሉ ሥር ያለው ግን ዛሬም በአህያ ጭኖ፣ ግማሽ ቀን አቀበት ወጥቶ፣ ነጋዴው የነገረውን ዋጋ ይዞ ይመለሳል።