ስለ ዝንጀሮ ራስና ስለ ጥንታዊው የአናጢ ጥበብ

በአክሱም ከተማ ቆሞ የሚታየውን፣ 21 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ሐውልት የተመለከተ ሰው ሁሉ የድንጋይ ጠራቢውን ጥበብ ያደንቃል፤ አናጢውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ያ ሐውልት የአናጢ ሥራ ሥዕል ነው። ከታች በር ተቀርጾበታል፤ ከበሩም በላይ መስኮቶች በየደርቡ ተደርድረዋል፤ በደርብና በደርብ መካከል ደግሞ ክብ ክብ ራሶች በረድፍ ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። እነዚህ ራሶች በድንጋይ ላይ ምንም ተግባር የላቸውም። ጠራቢው ያኖራቸው በዘመኑ በነበሩት ታላላቅ ቤቶች ግድግዳ ላይ ያያቸው ስለ ነበረ ነው። በትግርኛ ርእሲ ህበይ፣ በአማርኛም የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ለምን እንደ ተሠሩ ማወቅ ለሚወድ ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንቱ ግንበኛ ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ እያያያዘ ይገነባ ነበር። ጭቃ ደግሞ ክብደትን ይሸከማል እንጂ መሳብን አይችልም፤ ስለዚህ ግድግዳው ከፍ ባለ ቍጥር ሆዱ ወደ ውጭ ሊነፋና ሊፈርስ ይችላል። ይህን ለመከላከል በየጥቂቱ ከፍታ አንድ ረጅም ወራጅ በውጭው ፊት፣ አንድም በውስጠኛው ፊት ይጋደማል። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ውፍረት የሚረዝም አጭር ድቡልቡል ዕንጨት ከሁለቱ ወራጆች በላይ አግድም ይቀመጣል። ይህ አጭር ዕንጨት ከሆዱ በኩል በወራጁ ወርድ ልክ ጎድጓዳ ተፈልፍሎለታልና ወራጁን እንደ ጥርስ ነክሶ ይይዘዋል። ወራጁ ወደ ውጭ ልውጣ ቢል ጥርሱ ያግደዋል፤ ድንጋዩም ሊገፋ ቢሞክር ወራጁ ያግደዋል። ከጥርሱ አልፎ ወደ ውጭ የቀረው ጫፍ እንግዲህ የዝንጀሮ ራስ የተባለው ነው። ጫፉ ለጌጥ ብቻ የተተወ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ጥርሱ እስከ ጫፉ ድረስ ከተቈረጠ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ስለሚወድቅ ከኋላው በቂ ዕንጨት መቅረት አለበት። ዛሬም በቤቱ መሮና መዶሻ ይዞ ሣጥን ወይም ወንበር የሚሠራ ሰው ይህንኑ ሕግ ይጠብቃል።

ይህ ሥራ በሕይወት ሲኖር ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ደብረ ዳሞ መሄድ አለበት። በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊ እንደ መሠረቱት የሚነገርለት ይህ ገዳም 15 ሜትር ያህል በሚሆን ገደል ላይ በገመድ ተይዞ የሚወጣበት ነው፤ ሴቶችም አይወጡበትም። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የዝንጀሮ ራሶች በረድፍ ቆመዋል። በመግቢያው ጣሪያ ላይ ደግሞ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመል፣ እባብና ልዩ ልዩ አውሬ የተቀረጸባቸው ትናንሽ ሳንቆች በወራጆች መካከል ተሰክተዋል። ሳንቆቹ ትናንሾች መሆናቸው የጥበብ ምልክት ነው እላለሁ። ዕንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በወርዱ ግን ይጨማተራል። ሰፊ ሳንቃ በምስማር ቢጠረቅ ይሰነጠቃል፤ ትንሽ ሳንቃ ግን በመቃኑ ውስጥ እየጠበበና እየሰፋ ሳይጐዳ ይኖራል። የዘመናችን አናጢ የበር ሳንቃ ሲሠራ መቃኑን በቦይ ፈልፍሎ ሳንቃውን ያለ ሙጫ የሚሰካው ስለዚሁ ነው።

ስለ ዕንጨቱ ዓይነት ብዙ መናገር ይቻል ነበር። ጽድ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ሽታው መልካም ነው፣ ነቀዝም ይፈራዋል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ስለ ሆነ መጥረቢያ ያደክማል፤ ዋንዛ ለመሮ የሚታዘዝ ሆኖ ለበርና ለከበሮ ይመረጣል፤ ዝግባ በመላጊያ እጅግ ያምራል፣ ነገር ግን ምስጥ ይወደዋል።

የዕንጨት ታላቅ ጠላት ግን ውኃ ነው። ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚገባው በተቈረጠው ጫፍ በኩል ነው፤ በዚያ የዕንጨቱ ጅማቶች እንደ ሸምበቆ ክፍት ናቸውና። እንግዲህ የዝንጀሮ ራስ ግድግዳውን የሚያጸናው ያህል የግድግዳው ደካማ ስፍራም ነው። በላስታ አገር የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ ዛሬ ወራጆቹ ጥቁር፣ በመካከላቸው ያለው ምርጊት ነጭ ሆኖ የሚታየው ሠሪው በዋሻ ውስጥ ስላቆመው ነው፤ ዝናብ አይነካውም። በቤቱ ለሚሠራም ሰው ምክሩ ቀላል ነው፤ ዘይት ወይም ሰም ሲቀባ ገጹን አንድ ጊዜ ቢቀባ ጫፉን ሦስት ጊዜ ይቀባ።

በላሊበላ የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች ከአንድ ወጥ ቋጥኝ ሲፈለፍሉ የወራጁንና የምርጊቱን መስመር አንዱን ወጣ፣ አንዱን ገባ አድርገው በድንጋይ ቀድተውታል። ድንጋዩ የዕንጨቱን መልክ ጠብቆልናል፤ የእጁን ልማድ ግን ሊጠብቅ አልቻለም። ይህ የሚያሳስብ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲያረጅ ጥርስ መፈልፈል የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ስንጥቁ በሲሚንቶ ይደፈናል። ሲሚንቶ ግን እንደ ጭቃ አይተነፍስም፤ እርጥበቱን በዕንጨቱ ዘንድ አፍኖ ይይዘዋል፤ ወራጁም ከውስጥ ሳይታይ ይበሰብሳል። በ1948 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ለመፍረስ ተቃርቦ ሳለ እንግሊዛዊው የሕንፃ ባለሙያ ዴሪክ ማቲውስ እድሳቱን መርቷል፤ አሠራሩንም በሚቀጥለው ዓመት ጽፎ አሳትሟል። ጽሑፉ በመጻሕፍት ቤት ይገኛል፤ አሁን የሚያስፈልገው መሮውን የሚያነሣ እጅ ነው።