ጅራፍና የሕፃናት የደጅ ጨዋታ በደብረ ታቦር አካባቢ

ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸው ባደረጉት በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው ደጋ፣ ወንዶች ልጆች ከጥንት ጀምሮ ኃይልና ድፍረት ከተማሩባቸው መሣሪያዎች አንዱ ጅራፍ ነው። በቡሄ ሰሞን፣ ማለት ነሐሴ 13 ቀን ከሚውለው የደብረ ታቦር በዓል በፊት፣ ጩኸቱ ከየመስኩ ይሰማል፤ ሊቃውንቱም በታቦር ተራራ ከተሰማው ከአብ ድምፅ ጋር ያመሳስሉታል።

ጅራፉ ከልጥ ወይም ከቃጫ ይገመዳል፤ ወደ ጫፉም እየቀጠነ ይሄዳል። ልጁ በራሱ ላይ አዙሮ በድንገት ሲመልሰው ጫፉ ከድምፅ ይልቅ ይፈጥናል፤ የሚጮኸውም ስለዚህ ነው። ለዚህ ክንድና ትከሻ ብቻ አይበቃም፤ በክረምት ጭቃ ላይ እግርን ተክሎ መቆም ያሻል። የሳተ እንደሆነ የገዛ ጆሮውን ይለበልበዋል፤ ዓይንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለሆነም ትንሹ ልጅ በአጭር ጅራፍ፣ ከሰው ራቅ ብሎ ይለማመዳል እንጂ ጎረምሶች ከሚገራረፉበት አይገባም። አደጋው አልተወገደም፤ በልጁ ቁመት ተለካ እንጂ። (ሴቶች ልጆች ግን ከዚህ ጨዋታ ውጭ ናቸው። የእነርሱ ሰኞ ማክሰኞ ሚዛን ቢያስተምርም ድፍረት እምብዛም አይጠይቅም።)

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት በልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ እንዲያተኩር ደንግጓል። ይህ ቃል ሜዳ ይፈልጋል፤ ግቢው በጠበበበት ስፍራ ግን ልጁ ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፣ ሲሮጥም «ትወድቃለህ!» ይባላል። ጅራፍ ለእንዲህ ያለ ግቢ የማይሆን መሆኑ ግልጽ ነው፤ በወደቀ ግንድ ላይ መራመድና ከዝቅተኛ ድንጋይ መዝለል የሚከለከልበት ምክንያት ግን አልታየንም።