የቸኮለ መርዶ

ስሙኝማ! ነገሩ የሚጀምረው እዚሁ ጎረቤታችን፣ ቀይ ባሕር ላይ ነው። ጥር 9 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 17 ቀን 1991፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። በዚያ ሰሞን የኛ ሰው ሬዲዮኑን የሚከፍተው ስለራሱ ጦርነት ለመስማት ስለነበር የባሕሩን ማዶ ወሬ በግማሽ ጆሮው ነው ያዳመጠው። ሳራቶጋ የሚባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልነበረውም። ሳዳም ሁሴን ከኩዌት ለቆ እንዲወጣ የተሰጠው ቀነ ገደብ አልፏል። ጄቶቹ ከመርከቡ ላይ አንድ በአንድ እየተወነጨፉ ወደ ኢራቅ ሰማይ ያቀናሉ።

ከአብራሪዎቹ አንዱ ሌተናንት ኮማንደር ማይክል ስኮት ስፓይከር ነው። የ33 ዓመት ጎልማሳ፣ የሁለት ሕጻናት አባት፣ ቤቱ ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ከተማ። የሚያበራት ኤፍ ኤ 18 ሆርኔት ባለ አንድ መቀመጫ ናት፤ አጠገቡ የሚያዋየው ሰው የለም። የተሰጠው ግዳጅ የኢራቅን አየር መከላከያ ዓይኑን ማጥፋት ነበር። ራዳሩ ሲበራ ጨረሩን ተከትሎ ሄዶ እላዩ ላይ የሚፈነዳ ሚሳኤል ታጥቋል።

ከባግዳድ በስተምዕራብ፣ ከበረሃው በላይ፣ አንድ የኢራቅ ሚግ 25 ከጨለማው ብቅ አለ። ከስፓይከር ጓዶች አንዱ አይቶታል፤ በራዳሩም ይዞታል፤ ሊተኩስ ምንም አልቀረውም። ደንቡ ግን ያስራል። አየር ላይ ሆኖ ሰማዩን የሚቆጣጠረው የራዳር አውሮፕላን «አዎ፣ ጠላት ነው» ብሎ ማረጋገጥ አለበት፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ደግሞ ያንን ሚግ በራዳራቸው አላዩትም። አብራሪው ፈቃድ ጠየቀ፤ ተከለከለ። ሚጉ በፍጥነቱ ተሰወረ። ትንሽ ቆይቶ ሰማዩ ላይ አንድ ብልጭታ ታየ።

መርከቡ ላይ የተመለሱት ሲቆጠሩ አንድ ጎደለ። በሬዲዮ ተጠራ፤ መልስ የለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ገና ቀኑ ሳይመሽ የመከላከያ ሚኒስትሩ ዲክ ቼኒ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው አንድ አውሮፕላን መውደቁን፣ አብራሪውም መሞቱን ተናገሩ። አስከሬን ያየ የለም። የወደቀበትን ቦታ በትክክል የሚያውቅ የለም። ፍለጋም አልተላከም። በኛ አገር መርዶ የሚነገረው ዘመድ አዝማድ ተጠርቶ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ሽማግሌ ተልኮ ነው፤ የስፓይከር መርዶ በቴሌቪዥን፣ ለዓለም ሁሉ፣ በአንድ ቀን ተነገረ። በዚያው ዕለት ከዚያው ከስፓይከር ቡድን የወጡ ሁለት አብራሪዎች ሁለት ሚግ 21 ጥለው ተመልሰዋል። ስለ ድል የሚወራበት ቀን ነበርና የአንዱ ሰው ጉዳይ በቶሎ ታለፈ።

ጦርነቱ አለቀ፤ ምርኮኞች ተለዋወጡ። የአሜሪካ አብራሪዎች ከባግዳድ ሲመለሱ ስፓይከር አብሯቸው የለም። ኢራቅ የአንድ አብራሪ ቅሪት ነው ብላ ጥቂት ነገር ላከች፤ ተመረመረ፤ የእሱ አይደለም። በዚያው ዓመት በግንቦት የባሕር ኃይሉ መዝገቡን ዘጋ፦ ተገድሏል፣ አስከሬኑ አልተገኘም።

ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። በፈረንጆቹ 1993 መጨረሻ (ከዚህ ወዲያ «በኛ» ካላልኩ ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው) ከኳታር የመጡ አዳኞች በምዕራብ ኢራቅ በረሃ ወፍ ሲያሳድዱ አሸዋ ላይ የወደቀ የጦር አውሮፕላን ስብርባሪ አገኙ። የተነሳው ፎቶ አሜሪካኖች እጅ ገባ፤ ቁጥሩ ተመሳከረ፤ የስፓይከር ሆርኔት ሆኖ ተገኘ። የዓለም ኃያል አገር ከጠፈር በሳተላይት የሚቃኘውን ምድር ወፍ አዳኞች ቀደሙት! ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ተከተለ፤ የአብራሪው ክፍል ክዳን ከስብርባሪው ርቆ ተገኘ። ክዳኑ አስቀድሞ ከተወረወረ አብራሪው በጃንጥላ ወጥቶ ይሆናል ማለት ነው። ወጥቶ ከሆነስ የት ገባ?

ኮማንዶ በስውር ልኮ ቦታውን መፈተሽ ታስቦ ነበር። የጦር ኃይሎቹ ኢታማዦር ሹም ጄኔራል ሻሊካሽቪሊ ለአሮጌ አጥንት ብዬ የሰው ልጅ አላስገድልም በሚል ሐሳብ አልተቀበሉትም። ሰውየውን ለመውቀስ አልደፍርም፤ የሌላ እናት ልጅ እንዳይሞት መፍራት ነውር አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩ በቀይ መስቀል በኩል ሄዶ በ1995 ታኅሣሥ ሳዳም ፈቅዶ አንድ ቡድን ቦታው ደረሰ። አካባቢው ቀድሞ ተቆፍሯል። የአብራሪ ልብስ ተገኘ። አጥንት የለም።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ የወሬ ሆነ። አስከሬን በሌለበት ወሬ ሥር ይሰዳል። ከኢራቅ የከዱ ሰዎች መጡ፤ አንዱ አሜሪካዊ አብራሪ በሕይወቱ አይቻለሁ አለ፤ ሌላው ሰማሁ አለ። በጃንዋሪ 2001 ባሕር ኃይሉ የዘጋውን መዝገብ ከፈተና «ሞቷል» የተባለውን ሰው «በግዳጅ ላይ የጠፋ» አለው። እንዲህ ያለ ለውጥ ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም። በመስከረም 2002 ፕሬዚዳንት ቡሽ ለተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የኢራቅን ጥፋት ሲዘረዝሩ ደብዛቸው ከጠፋ ሰዎች መካከል አንድ አሜሪካዊ አብራሪ እንዳለ አነሱ። በወሩ መዝገቡ እንደገና ተቀየረ፦ የጠፋ፣ የተማረከ። ማዕረጉም አልቆመም። ኮማንደር ሆነ፤ ቀጥሎ ካፒቴን፤ በምድር ጦር አጠራር ኮሎኔል ማለት ነው።

እስቲ የቤቱን ሰው አስቡት። ያ መዝገብ በተገለጠ ቁጥር እርም የወጣለት ሰው ይነሣል፤ የተነሣው መልሶ ይጠፋል። ልጆቹ አባታቸውን ሙት ይበሉት ወይስ እስረኛ?

2003 መጣ፤ አሜሪካ ባግዳድ ገባች። ልዩ ቡድን እስር ቤቱን ሁሉ እየዞረ ፈተሸ። በአንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ኤም፣ ኤስ፣ ኤስ የሚሉ ፊደላት ተቀርጸው ተገኙ፤ የስሙ መነሻዎች ናቸው። ስንቱ ልቡ ዘለለ! ምርመራው ግን ወደ እሱ አላደረሰም። በ2009 መጋቢት ቃሉ እንደገና ወደ «የጠፋ» ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ በአንባር ግዛት የሰፈሩ የባሕር ኃይል እግረኞች አንድ የኢራቅ ሰው አነጋገሩ። ሰውየው የሚያውቀውን ነገራቸው፦ አውሮፕላኑ በወደቀ ጊዜ የበረሃው ቤዱዊኖች አብራሪውን ሞቶ አገኙት፤ እዚያው ቀበሩት። በቃ። ወታደሮቹ ወደተባለው ቦታ ሄዱ፤ ቆፈሩ፤ አጥንት ወጣ። መንጋጋው ከጥርስ መዝገቡ ጋር ተመሳከረና ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ በኛ በሐምሌ 26 ቀን 2001፣ ውጤቱ ይፋ ሆነ። ስፓይከር ነው። ከ18 ዓመት ተኩል በኋላ ወደ ጃክሰንቪል ተመልሶ ከወገኑ መካከል ዐረፈ።

እኔን የሚገርመኝ ሚሳኤሉም ሳተላይቱም አይደለም። ከሰማይ ለወረደባቸው ባዕድ፣ አገራቸውን ሊደበድብ ለመጣ ሰው፣ ጉድጓድ የቆፈሩት እነዚያ እረኞች ናቸው የሚገርሙኝ። ዋሽንግተን ሞቷል፣ ጠፍቷል፣ ተማርኳል እያለች መዝገብ ስትገለብጥ እነሱ ግመልና በጋቸውን እየነዱ በዚያ መቃብር አጠገብ ያልፉ ነበር። በሳዳም ጊዜ ቢጠየቁስ ማን አፉን ይከፍት ነበር? ሳዳም ከወደቀም በኋላ ግን ስድስት ዓመት ፈጅቷል። የተፈለገው እስር ቤት ውስጥ፣ የባለሥልጣን ፋይል ውስጥ ነበር፤ በረሃውን የሚያውቀው ሰው የተደመጠው መጨረሻ ላይ ነው።

ይህን ካልኩ ዘንዳ ስሙ ኢራቅ ውስጥ ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁ አላቆምም። አሜሪካኖች ቲክሪት አጠገብ የያዙትን ትልቅ የአየር ሰፈር «ካምፕ ስፓይከር» ብለውት ነበር። ሲወጡ ስሙን ትተውት ሄዱ፤ የኢራቅ ሠልጣኝ ወታደሮች ገቡበት። በሰኔ 2014 አይኤስ የሚባለው ታጣቂ ቡድን ቲክሪትን ሲይዝ ከዚያ ሰፈር የወጡትን ወጣቶች፣ መሣሪያ እንኳ ያልያዙትን፣ ሺዓ የሆኑትን እየለየ ወደ ሳዳም የድሮ ቤተ መንግሥት ግቢ ነዳቸው። ከ1 ሺህ በላይ ረሸነ፤ ከፊሉን ጤግሮስ ወንዝ ውስጥ ጣለ። ዛሬ ባግዳድ ላይ «ስፓይከር» ስትሉ ሰዉ የሚያስታውሰው አብራሪውን አይደለም፤ እነሱን ነው። ከተማዋ በ2015 ስትለቀቅ የጅምላ መቃብሮቹ ተከፈቱ፤ አጥንቱ እየተለቀመ፣ ከወላጆች ደም ጋር እየተመሳከረ ለየቤተሰቡ መስጠት ተጀመረ። ሁሉም ግን አልተገኙም፤ ወንዝ የወሰዳቸው አሉ።