የጎማ ፍጥነት ዳሳሽ፦ ስሙ፣ አሠራሩና በአሮጌ ቮልስ ላይ አገጣጠሙ

የጎማ ፍጥነት ዳሳሽ በመኪና እግር ወይም እግሩን በሚያዞረው ዘንግ አጠገብ የሚተከል፣ የሚሽከረከር ብረት በፊቱ ባለፈ ቁጥር አንድ የኤሌክትሪክ ምት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ ዊል ስፒድ ሴንሰር ነው። በጋራዥ ግን «የጎማ ሴንሰር» ወይም «የኤቢኤስ ሴንሰር» ይባላል፤ ሁለተኛው ስም የወጣለት መሣሪያው ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚከላከለው ከኤቢኤስ ፍሬን ጋር ስለተስፋፋ ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1978 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮኒክስ ኤቢኤስን በመርሴዲስ ትልቁ ሞዴል ላይ ሲያወጣ፣ እግሮቹ መዞራቸውን የሚከታተለው ይኸው መሣሪያ ነበር።

ለሴንሰር «ዳሳሽ» የሚለው ቃል በአማርኛ የቴክኖሎጂ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ ይዟል። ዳሰሳ በእጅ መንካትን ያስታውሳል፤ ይህ መሣሪያ ግን የሚለካውን ነገር አይነካም፣ ከነካም ይሰበራል። ያም ሆኖ ከ«ጠቋሚ» ይሻላል፤ ጠቋሚ ሲባል ዳሽቦርድ ላይ ያለው ቀስት በአእምሮ ይመጣልና። «መንኮራኩር» ጥሩ ቃል ቢሆንም የዛሬን አንባቢ ወደ ጠፈር ይወስደዋል። «ጎማ» ደግሞ በዕለት ንግግር ላስቲኩንም ቸርኬውንም ስለሚያጠቃልል ለዚህ ሥራ ይበቃል። የሚያሳስተው ቃል «ፍጥነት» ነው፤ ዳሳሹ ፍጥነት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ጥርስ ወይም የብሎን ራስ ማለፉን ብቻ ነው። ፍጥነቱን የሚያሰላው ምቱን የሚቀበለው መሣሪያ ሲሆን፣ ስሌቱ ልክ የሚሆነው በአንድ ዙር ስንት ምት እንደሚመጣና ጎማው በአንድ ዙር ስንት ሜትር እንደሚሄድ በትክክል ከተነገረው ነው። በፋብሪካ በተሠራ አዲስ መኪና ይህ ሁሉ ተሰልቶ ያለቀ ነው። ሞተሩ፣ ፍሬኑና ጎማው በተቀያየረ አሮጌ መኪና ላይ ግን ገጣሚው ራሱ ከባዶ ይጀምራል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ የሚታየው የድሮው ቮልስዋገን፣ በተለምዶ ቮልስ የሚባለው ነው። የቮልስ ፍጥነት መለኪያ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ከዳሽቦርዱ የሚነሣው ተሽከርካሪ ገመድ ወደ ግራው የፊት እግር ይወርዳል፤ የእግሩ ዘንግ መሃሉ ክፍት ስለሆነ በውስጡ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። አራት ማዕዘን ጫፉ ኩሽኔታውን በሚሸፍነው ክዳን ቀዳዳ ገብቶ በትንሽ ሽቦ ይቆለፋል። እግሩ ሲዞር ክዳኑ ይዞራል፣ ክዳኑ ገመዱን ያዞራል። ገመዱ በላይኛው ጫፍ ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱ ደግሞ ሳይነካው በዙሪያው ያለውን የአሉሚኒየም ቆብ ይጎትትና ቀስቱን ያንቀሳቅሳል። ይህን መርህ ኦቶ ሹልትሰ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1902 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በፓተንት አስመዝግቦታል።

ገመዱ በደንብ ግራሶ ከተቀባ ዕድሜው ረጅም ነው። ችግር የሚመጣው መኪናው ሲሻሻል ነው። የፊት ታምቡሮው በሌላ ዓይነት ዲስክ ሲተካ ገመዱን የሚያዞረው ክዳን አብሮ ሊቀር ይችላል። በዲጂታል ዳሽቦርድ ጀርባ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር የተገጠመለት ቮልስ ደግሞ መኪናው መቆሙንና መሄዱን ለማወቅ ምት ይጠብቃል።

ዳሳሾች በአሠራር ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው በማግኔት ላይ ሽቦ የተጠቀለለበት ባለሁለት ሽቦ ዓይነት ሲሆን ከውጭ ኃይል አይፈልግም። የብረት ጥርስ ሲያልፍበት ራሱ ጥቂት ቮልት ያመነጫል። ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚያመነጨው ቮልት ከዙሩ ፍጥነት ጋር ስለሚወርድ በዝግታ የሚሄድን መኪና እንደ ቆመ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ኤድዊን ሆል የተባለ አሜሪካዊ በ1879 እ.ኤ.አ. ባገኘው ክስተት ላይ ተመሥርቶ የሚሠራው የሆል ዳሳሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፦ አንዱ ኃይል፣ አንዱ መሬት፣ አንዱ ምት። እግሩ የቱንም ያህል በዝግታ ቢዞር ምቱ ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ለአሮጌ መኪና የሚመረጠውም ይኸኛው ነው። ከዘመናዊ መኪና የተፈታ ባለሁለት ሽቦ የኤቢኤስ ዳሳሽ ግን ያሳስታል። መልኩ ከመጀመሪያው ዓይነት ጋር ቢመሳሰልም ብዙዎቹ ኃይል የሚፈልጉና ምታቸውን በቮልት ሳይሆን በአምፔር መጠን ለውጥ የሚያሳውቁ ናቸው፤ ለዚያም 7 እና 14 ሚሊአምፔር የተለመዱት ደረጃዎች ናቸው። መሃል ላይ መለወጫ ካልገባ የዳሽቦርድ መሣሪያ አያነባቸውም። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ርካሽ ዳሳሽ ገዝቶ ከመገጣጠም በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማጣራት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ጥያቄ ዳሳሹ የት ይተከል የሚለው ነው። ክዳኑና ገመዱ በቦታቸው ካሉ ቀላሉ መንገድ በገመዱ የላይኛው ጫፍ ላይ የሚጠለቅ ምት ሰጪ መግጠም ነው፤ የመኪናው አካል አይበሳም፣ አይበየድም። ክዳኑን አልፎ የግራውን የፊት እግር ኩሽኔታ ለማየት የሚሻ ሰው የዚያ ዘንግ ጥርስ ወደ ግራ የተቆረጠ መሆኑን ማስታወስ አለበት፤ ዳዶው የሚፈታው እንደ ሌሎቹ አይደለም፣ በጉልበት የታገለው ሰው የሚያጠብቀው ይሆናል።

ገመዱ ከሌለ ከኋላ መፈለግ ይሻላል። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው 1302 የተባለው ቮልስና ተከታዩ 1303 ከካምቢዮው ወደ ኋላ እግር የሚሄዱ ዘንጎቻቸው በሁለት ጫፍ ሲቪ ጆይንት የሚባል ተጣጣፊ መገጣጠሚያ አላቸው። እያንዳንዱ ጆይንት በስድስት ብሎኖች ይታሠራል፤ ስድስቱም ራሶች በእኩል ርቀት ተደርድረው በግልጽ ይዞራሉ። ለዳሳሽ የተዘጋጀ ባለስድስት ጥርስ ቀለበት ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ያሉት አብዛኞቹ ቮልሶች ግን ዘንጋቸው በቱቦ ውስጥ ስለሚዞር ይህ ዕድል የላቸውም፤ ለእነሱ የፊቱ እግር ወይም በቶርኖ ተሠርቶ በዲስኩ ላይ የሚታሠር ባለጥርስ ቀለበት ይቀራል።

በካምቢዮው በኩል ባለው ጆይንት ላይ ዳሳሹን የሚይዘው ላሜራ ከካምቢዮው ራሱ ጋር መታሠር አለበት። ሻንሲው ላይ መበየድ ቀላል ይመስላል፤ ስህተት ነው። ካምቢዮው የተቀመጠው በላስቲክ ላይ ስለሆነ ነዳጅ ሲረገጥና ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ይወዛወዛል። በዳሳሹ ጫፍና በብሎኑ ራስ መካከል የሚተወው ክፍተት ግን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሻንሲ ላይ የቆመ ዳሳሽ ካምቢዮው ሲጠጋው ይመታል፣ ሲርቀው ምት ይስታል። ከካምቢዮው ጋር የታሠረው ግን አብሮ ስለሚወዛወዝ ክፍተቱ አይለወጥም። ላሜራው ራሱም እንዳይንቀጠቀጥ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ቢኖረውና በሁለት ብሎን ቢያዝ ጥሩ ነው።

ክፍተቱ ሲስተካከል ስድስቱም ብሎኖች አንድ በአንድ በዳሳሹ ፊት መዞር አለባቸው። አንዱ ራስ ከሌሎቹ ትንሽ ከወጣ ክፍተቱ የሚለካው በእሱ ነው፤ ሌላውን አይቶ የለካ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ ዳሳሹን ያጣል። ዳሳሹ የሚያየው ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ በመሆኑ ዝገት ለመከላከል ተብሎ የገባ የማይዝግ ብሎን ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት ፊቱ ቢዞር ምንም አይልክም። የራሱ ማግኔት የሌለው ተራ የሆል ዳሳሽ ከሆነ ደግሞ በሚዞረው ክፍል ላይ ትናንሽ ማግኔቶች መለጠፍ ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ የሚነቁት ለማግኔቱ ደቡብ ዋልታ ስለሆነ የተገለበጠ ማግኔት እንደሌለ ይቆጠራል።

የሽቦው ሥራ አጭር ነው። ኃይሉ ቁልፍ ሲከፈት ከሚበራ መስመር በራሱ ትንሽ ቫልቮላ በኩል ይወሰዳል። በቆዩት ቮልሶች ውስጥ ባትሪው 6 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ዳሳሹ የሚፈልገው ቮልት አስቀድሞ ይታያል። የብዙ ሆል ዳሳሾች የምት ሽቦ ምቱን ወደ መሬት ከመጎተት በቀር ራሱ ቮልት አይሰጥም፤ ስለዚህ በምት ሽቦውና በኃይሉ መካከል ከ1 እስከ 10 ኪሎኦም የሚሆን ሬዚስተር ይገባል። ዳሽቦርዱ ይህን በውስጡ ከያዘ ሌላ አይጨመርም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቴስተሩን በምት ሽቦውና በመሬት መካከል አድርጎ የኋላውን እግር አንሥቶ በእጅ በዝግታ ማዞር። ብሎን በመጣ ቁጥር ቮልቱ ከላይ ወደ ዜሮ ወርዶ መመለስ አለበት።

የመጨረሻው ሥራ ስሌቱን መሙላት ነው። የቮልስ የተለመደ 165 በ15 ጎማ በወረቀት ስሌት ዙሪያው 2.03 ሜትር ያህል ነው። መሬት ላይ ግን ጎማው በክብደት ስለሚጫን በአንድ ዙር የሚሄደው ከዚህ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያንሳል። አስተማማኙ ዘዴ አየሩን ሞልቶ፣ ሹፌሩ ተቀምጦ፣ ጎማውና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ መኪናውን አምስት ዙር መግፋትና ርቀቱን በሜትር ለክቶ ለአምስት ማካፈል ነው። ለምሳሌ 9.85 ሜትር ከመጣ አንዱ ዙር 1.97 ሜትር ነው። በኪሎ ሜትር 507.6 ዙር፣ በስድስት ብሎን ሲባዛ 3046 ምት ማለት ነው፤ ዳሽቦርዱ የሚጠይቀው ቁጥር ይህ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲኬድ በሰከንድ 51 ምት ያህል ይመጣል። ቸርኬው ወይም ጎማው በተቀየረ ቁጥር ልኬቱ ይደገማል።

ስድስት ምት ለፍጥነት ማሳያ ይበቃል፤ በየ33 ሴንቲሜትሩ አንድ ዜና እንደማግኘት ነውና። የጎማ መንሸራተትን ለሚቆጣጠር ኮምፒውተር ግን ያ በጣም የዘገየ ነው። 48 ጥርስ ያለው ቀለበት በየ4 ሴንቲሜትሩ ያሳውቃል። ዳሳሹን መግጠም ብቻውን ኤቢኤስ አያመጣም፤ ለዚያ የአራቱም እግር ዳሳሽ፣ የፍሬን ዘይቱን የሚቆጣጠር ፓምፕና ለዚያ መኪና የተሠራ ኮምፒውተር ያስፈልጋሉ። ይህን በጋራዥ መሞከር የሚመከር አይደለም።

ከኋላ የሚያነብ ዳሳሽ አንድ ጉድለት አለው። የሚያነበው ኃይል የሚወስደውን እግር ስለሆነ፣ ያ እግር ጭቃ ላይ ባዶውን ሲሽከረከር መኪናው ቆሞ ሳለ ዳሽቦርዱ 40 ሊያሳይ ይችላል። ከፊት እግር ላይ የሚነበበው ይህ ችግር የለበትም።

ከተገጠመ በኋላ የሚያጋጥሙት ብልሽቶች ብዙ አይደሉም። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ ሲነሣ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ብልሽቱ ከዳሳሹ አይደለም፤ የምት ሽቦው ከሻማ ገመዶች አጠገብ አልፎ ረብሻ ሰብስቧል። ሽቦው ከእነሱ ይራቅ፣ ካልሆነም በሽፋን የተጠለፈ ሽቦ ተደርጎ ሽፋኑ በአንድ ጫፍ ብቻ መሬት ይያዝ። በዝግታ ሠርቶ ፍጥነት ሲጨምር የሚጠፋ ከሆነ ላሜራው እየተንቀጠቀጠ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ልክ አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ አንዱ ብሎን ሳይታይ እያለፈ ይሆናል፤ ከስድስት አምስቱ ብቻ ሲቆጠሩ 60 የነበረው 50 ሆኖ ይነበባል። ምቱ ቀስ በቀስ እየደከመ ከመጣ ደግሞ የዳሳሹ ጫፍ ይጠረግ፤ ከፍሬኑ የሚረግፈው የብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ ተለጥፎ ይከማቻልና።