አኮፋዳና ጽዋ፦ የጎንደርና የሰሜን ደጋ የምጽዋት ታሪክ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እምነት በቃል ብቻ አይታወቅም፤ በምግባር ይመሰከራል። የያዕቆብ መልእክት ሥራ የሌለውን እምነት ነፍስ ከተለየችው ሥጋ ጋር ያመሳስለዋል። የዮሐንስ መልእክት አጠገቡ ያለውን ወንድሙን እየጠላ እግዚአብሔርን እወዳለሁ የሚለውን ሰው ሐሰተኛ ይለዋል። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 የመጨረሻውን ፍርድ የሚያሳርፈው በተራበ፣ በተጠማ፣ በታረዘና በታሰረ ሰው ላይ ነው። በጎንደር ዘመን የዳኝነት መሠረት የነበረው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ከሚናገሩት አንቀጾች ጋር ስለ ምጽዋት የሚናገር አንቀጽ አለው። በጎንደርና በሰሜን ደጋ ግን ይህ ትምህርት ሥር የሰደደው ከመጽሐፍ ይልቅ በየደጁ በሚሰጥ ቁራሽ፣ በየወሩ በሚዞር ጽዋና በመማጸኛ ቦታ አማካይነት ነው።

ለመስጠት ልማድ ትልቁን ምክንያት ያቀረበለት የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚገኝበት ተአምረ ማርያም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በቤተ ክርስቲያን መነበቡ ሥርዓት ሆነ። የቅምር ሰው ስምዖን እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሳለ ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ አሳተው፤ ሰው በላ ሆኖ 78 ነፍስ አጠፋ። አንድ ቀን ውኃ የጠማው ለምጻም በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እንቢ አለ፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ያች ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍሳት ጋር በሚዛን ተመዘነች፤ የማርያም ጥላ ሲያርፍባት ሚዛኑን ደፋች። ታሪኩ ከየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ በጎንደር ዘመን የሥዕል አሣሣልም ከሚዛኑና ከጥላዋ ጋር በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ይታያል። ማንበብ የማይችለው ምእመን ሁሉ ያየው ነገር ስለነበር ውጤቱ ቀላል አይደለም። ለድኻ የሚሰጥ ነገር ትንሽ ስለሆነ ብቻ ዋጋ ቢስ አይደለም የሚል እምነት ከዚህ ተነሥቶ ወደ እያንዳንዱ ደጅ ደረሰ። የቅዱሳን ገድላትም ይህንኑ ያጸኑታል፤ በአብዛኞቹ መጨረሻ የሚገኘው ቃል ኪዳን በጻድቁ ስም የተራበን ለሚያበላና ቀዝቃዛ ውኃ ለሚሰጥ ምሕረትን ተስፋ ይሰጣል።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት በኋላ የትምህርቱ ሸክም በከተማዋ ላይ ወደቀ። ነገሥታቱና ወይዛዝርቱ ቤተ ክርስቲያን ላይ ቤተ ክርስቲያን ጨመሩ፦ ታላቁ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ፤ በኋላ ጎንደር በአርባ አራት ታቦቷ ስም አወጣች። ለካህናቱና ለመምህራኑ ጉልት ተሰጣቸው፤ ለተማሪው ግን የተቈረጠ ቀለብ አልነበረም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ፍለጋ የሚመጣው ወጣት ከዘመድ ርቆ መማርን የመረጠ ነውና የሚበላውን ያገኝ የነበረው በልመና ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ የውሻ መከላከያ በትር ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ ይሄዳል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይቆማል። የተማሪው መጠሪያ «የቆሎ ተማሪ» የሆነውም ከዚሁ ኑሮ ነው።

ያመጣው ቁራሽ የራሱ ብቻ አይደለም። በጎጆው ያሉ ጓደኞቹ ያሰባሰቡትን አንድ ላይ አድርገው ይበላሉ፤ ታሞ የተኛው ድርሻ አለው፤ የኔታም ከዚሁ የሚደርሳቸው ጊዜ አለ። የተረፈው እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆንና ሰው ጎተራው በሚጎድልበት በክረምት ያገለግላል። ልመናው ተማሪውን ከችሎታው በላይ ከመኩራት ይጠብቀዋል ተብሎ ይታመናል፤ ነገ የሚባርከውንና የሚያስተምረውን ሕዝብ ዛሬ ደጁ ላይ ቆሞ ይማረዋልና። ከዚህ ሥርዓት በጎንደር የወጣው ዕውቀት ትልቅ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መምህር ኤስድሮስ የመጻሕፍት ትርጓሜውን አደራጅተው ታች ቤት የሚባለውን የትርጓሜ ስልት ሲያቆሙ፣ በአታ ለማርያም በአቋቋም ስትታወቅ፣ ተማሪዎቹን የመገበው የየሰፈሩ የቤት እመቤት መሶብ ነው። ዜና መዋዕሎች የነገሥታቱን ስጦታ መዝግበዋል፤ በየቀኑ ቁራሽ ስትቈርስ የኖረችውን ሴት ግን ማንም አልመዘገበም። ያለ እርሷ ቅኔ ቤቱም መጻሕፍት ቤቱም ባልቆመ ነበር።

እንግዳ መቀበልም ከዚሁ የመስጠት ልማድ ይወለዳል። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የመሸበት መንገደኛ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ቢጠራ፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። እግሩን ማጠብ፣ ካለው ማብላትና መኝታ መስጠት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ማደሪያ ቤት በሌለበትና ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት አገር ይህ ልማድ ሕይወት ያዳነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማኅበር የዚህ ልማድ ሌላው መልክ ነው። ዝምድና ያላቸውና የሌላቸው ጎረቤቶች በአንድ ቅዱስ ስም ይሰባሰባሉ፤ በየወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 እመቤታችንን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን እየዘከሩ በተራ ያስተናግዳሉ። ሰብሳቢው «ሙሴ» ይባላል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፤ ጠላ ያለበት ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል፤ በደጅ ያለው ድኻም ድርሻው ይወጣለታል። የተጣላ ማኅበርተኛ ሳይታረቅ ጽዋውን መጠጣት ነውር ነው። ይህ የቅዳሴውን ሥርዓት ወደ ቤት ያወርዳል፤ በቅዳሴም ዲያቆኑ ምእመናኑ እርስ በርሳቸው የሰላም ሰላምታ እንዲሰጣጡ የሚያዝዘው ከቁርባን በፊት ነው። ሰንበቴ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይደረጋል፤ ተረኞቹ መሶብና ጠላ ይዘው ይመጣሉ፣ ነዳያንና ተማሪዎች ይቋደሳሉ። የማኅበሩ ጥንካሬ በተራ ላይ መመሥረቱ ነው። የፍቅር ስሜት ይነሣል ይወድቃል፤ ተራ ግን ቀኑ ሲደርስ ይጠራል።

የተዝካር ነገር የተለየ ነው። ለሞተ ሰው በ40ኛው ቀን ካህናትና ድኾችን ማብላት ለነፍስ የሚደረግ ምጽዋት ቢሆንም፣ ብዙ ቤተሰብ በሬውን ሸጦና ተበድሮ ድግስ ስለሚያደርግ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ጭምር ወቀሳ ደርሶበታል። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ የሟቹን ልጆች የሚያደኸይ ምጽዋት ድኻን ከመርዳት ሌላ ድኻ መፍጠር ነው።

ጎንደር የመማጸኛ ከተማም ነበረች። የመነኮሳት አለቃ በሆነው በዕጨጌ ቤት ሰፈር የገባ ሰው፣ የሸሸ ወንጀለኛም ይሁን የተሸነፈ መኰንን፣ እንዳይነካ ልማዱ ይጠብቀው ነበር። በዘመነ መሳፍንት መሳፍንቱ እየተፈራረቁ ከተማዋን ሲይዙ ሕዝቡ ንብረቱንና ሕይወቱን ወደዚያ ያሸሽ ነበር። ይህ መጠለያ ፍጹም አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያስዘርፉ አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ፤ መጻሕፍታቸውም ወደ መቅደላ ተጋዙ።

በምጽዋት፣ በማኅበርና በመማጸኛ የታየው ፍቅር ግን ወሰን ነበረው፤ ይህ ሳይነገር ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወሰነ፤ አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆነች። ቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ክርስቲያኑ ጎረቤት ግን በቡዳነት ይጠረጥራቸው ነበር። ማሰሮውና ጋኑ በጎንደር ዙሪያ ባብዛኛው የቤተ እስራኤል ሴቶች እጅ ሥራ ነው። ማኅበርተኛው የፍቅር ጽዋውን የሚሞላው ከጋናቸው ሆኖ ሳለ ሠሪዎቹን ከማዕዱ ያርቅ ነበር። የሃይማኖት ሊቃውንቱም እርስ በርስ አልተዋደዱም፤ ስለ ክርስቶስ ቅባትና ልደት የተነሣው የቅባት፣ የጸጋና የካራ ክርክር በጎንደር ጉባኤዎች ደም እስከ መፋሰስ ደርሶ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በንጉሥ ትእዛዝ ተዘጋ። ፍቅርን የእምነት ምልክት አድርጎ የሚያስተምረው መጽሐፍ በእጃቸው ላይ ነበር።

ከባዱ ፈተና በ1880 ዓ.ም. መጣ። በጥር ወር የሱዳን መሐዲስቶች (ደርቡሽ) ጦር ከተማዋን ወርሮ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። ወዲያው የከብት በሽታ ገባና ክፉ ቀን ተከተለ፤ ረኃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። የሚያርስ በሬ ሲጠፋ መሶቡም ባዶ ሆነ፤ ሰጪና ለማኝ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ። ከተማዋ ዳግመኛ የቀድሞውን ያህል ሕዝብና ሀብት ለመያዝ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ወሰደባት፤ ጉባኤ ቤቶቿ ግን ተበትነው አልቀሩም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን የቤተ ክርስቲያን ርስትና ጉልት ቀረ። መምህሩም እንደ ተማሪው በምእመኑ እጅ ላይ ወደቀ፤ በደርግ ዘመን የአብነት ትምህርት ቤቶች ያልጠፉት ገበሬው ቁራሹን ስላልነፈገ ነው። በከተማው ዕድር እየሰፋ የሐዘኑን ወጪና ድንኳን ተረከበ፤ በአንዳንድ ዕድሮች ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ይቀባበራሉ፤ ይህም የ1660ዎቹ ጉባኤ ያላሰበው ነው። ማኅበረ ቅዱሳንን የመሰሉ ማኅበራት ለአብነት ትምህርት ቤቶች ቀለብና ማደሪያ መደጎም ከጀመሩ ወዲህ ልመናው የቀነሰበት ጉባኤ ቤት አለ፤ በሌላው ግን ተማሪው ዛሬም አኮፋዳውን ይዞ ይወጣል።