ማኅተም ያልተመታበት ዜማ

በብዙ ኢራናውያን ቤት ከቁርኣን ቀጥሎ የማይታጣ መጽሐፍ የሐፊዝ የግጥም መድበል ነው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን የሺራዝ ባለቅኔ ስለ ወይንና ስለ ፍቅር ተቀኝቷል፤ ወይኑ እውነተኛ ወይን ይሁን መለኮታዊ ፍቅር፣ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። በሰምና ወርቅ ላደግን ለእኛ ክርክሩ እንግዳ አይደለም። ሰዎች ልባቸው ሲያመነታ መጽሐፉን እንዳጋጣሚ ገልጠው ዕጣቸውን ያነቡበታል። እንዲህ የተከበረ ግጥም በዜማ ሲመጣ የተከለከለበትን ታሪክ ነው ዛሬ የማወጋችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ከተካሄደው አብዮት በኋላ አያቶላህ ኾሜይኒ ሙዚቃን ከኦፒየም ጋር አመሳስለው ከራዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወገድ ጠየቁ። እገዳው እያደር ላላ፤ ሆኖም አንድ አልበም ለገበያ እንዲበቃ የባህልና እስላማዊ መምሪያ ሚኒስቴርን ፈቃድ ማግኘት ግድ ሆነ። ግጥሙም ዜማውም ይመረመራል። ሴት በወንዶች ፊት ብቻዋን እንድትዘፍንማ ከቶ አይፈቀድም።

በ1999 ቴህራን ውስጥ «ኦሃም» የሚባል የሮክ ቡድን ተመሠረተ። የሐፊዝን ግጥሞች ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከአገር ቤት መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ «ናሃሌ ሄይራት»፣ በእኛ «የመደነቅ ችግኝ»፣ የተሰኘ አልበም አዘጋጀ። ሚኒስቴሩ ፈቃድ ነሣው። ግጥሙ በየመጻሕፍት መደብሩ ይሸጥ ነበርና ያስፈራው ግጥሙን የተሸከመው ድምፅ ነው ብዬ አምናለሁ። ወጣቶቹም ዘፈኖቹን ኢንተርኔት ላይ አኖሯቸው፤ የወደደ ሁሉ ያለ ክፍያ ይውሰድ ብለው።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ፤ የማኅተምን ኃይል ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ማኅተም ያላረፈበት ሰነድ ከመስኮቴ አያልፍም። ነገር ግን ማኅተም የሚሠራው መስኮት ባለበት ብቻ ነው። የሳንሱር ሹሙ ማተሚያ ቤቱን፣ የካሴት ሱቁን፣ አዳራሹን ይዟል፤ ኦሃም ግን ሱቅም አዳራሽም በማያሻው መንገድ ሄደ። በ2002 «ቴህራን አቬኑ» የተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ለፈቃድ አልባ ቡድኖች ውድድር አዘጋጀ፤ ድምፅ የሰጡትም አድማጮች ነበሩ።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ የስልክ መስመር የ4 ሜጋባይት ዘፈን ለማውረድ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። በ2006 ደግሞ መንግሥት የቤት ኢንተርኔት ፍጥነት በሰከንድ ከ128 ኪሎቢት እንዳይበልጥ ወሰነ። ዜማውን መያዝ ቢያቅት መንገዱን ማጥበብ ይቻላል።

ከዚህ የከበደ ሌላ ዕዳም አለ። ቋንቋችን በአንድ ቃል ይገልጸዋል፦ ነፃ የወጣው ዜማ በነፃ የተሰጠ ዜማ ነበር። ካሴት አይሸጥ፣ መግቢያ አይከፈል፤ ጊታሩን የያዘው እጅ እንጀራውን ከሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት። ብዙዎችም አገራቸውን ጥለው ወጡ።

በመስከረም 2022፣ ማህሳ አሚኒ በፖሊስ እጅ ሳለች ከሞተች በኋላ፣ ሸርቪን ሃጂፑር የተባለ ወጣት ዜጎች በትዊተር የጻፏቸውን ምክንያቶች ሰብስቦ «ባራዬ» የተሰኘ ዘፈን ሠራ፤ በኢንስታግራምም ለቀቀው። በቀናት ውስጥ ታሰረ፤ ዘፈኑም ከገጹ ተነሣ። ነገር ግን ሰልፈኛው ሁሉ ቀድሞ ይዞት ነበር። በ2023 ዘፈኑ ግራሚ ተሸለመ፤ በ2024 ዘፋኙ እስር ተፈረደበት፤ ኋላ ፍርዱ ቢነሣለትም።

ዘፈኑ ሽልማት ሲቀበል ዘፋኙ ፍርድ ቤት ይመላለስ ነበር። ዜማ ማኅተም ሳይመታበት ድንበር ይሻገራል፤ የዘፋኙ ሥጋ ግን አድራሻ አለው፤ በሩን ማንኳኳት ይቻላል። እኛ አንድ ቁልፍ ተጭነን በነፃ የምንሰማውን ዘፈን ሂሳብ የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ሂሳብ የማወራርድ ሰው ነኝና፣ ይህ ዕዳ በስማችን ተመዝግቦ እንዲቆይ እወዳለሁ።