የተራቡ መናፍስትና ሕሙማን በጥንታዊ የጃፓን ጥቅል ሥዕሎች

በጃፓን «ኤማኪ» በመባል የሚታወቁት ጥቅል ሥዕሎች ከቀኝ ወደ ግራ እየተዘረጉ የሚታዩና የሚነበቡ ሥራዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል በ12ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ የተዘጋጁት «ጋኪ ዞሺ» እና «ያማይ ኖ ሶሺ» ለሕክምና ታሪክ ልዩ ትርጉም አላቸው።

«ጋኪ ዞሺ» የሚያሳየው የተራቡ መናፍስትን ነው። በቡድሃ እምነት መሠረት እነዚህ መናፍስት በቀድሞ ሕይወታቸው ስግብግቦች ስለነበሩ በማያቋርጥ ረኃብና ጥም እንዲሠቃዩ የተፈረደባቸው ናቸው። ሆዳቸው የተነፋ፣ አንገታቸው የቀጠነ፣ የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር ነው። በአንዱ ትዕይንት ወላድ በሴቶች ተከባ ስትገላገል፣ ለሰው ዓይን የማይታይ መንፈስ ወደ ጨቅላው እጁን ይዘረጋል።

በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ያየ የጤና ባለሙያ የመናፍስቱን አካል ወዲያው ይለየዋል። እ.ኤ.አ. በ1181 እና በ1182 ኪዮቶ በጽኑ ረኃብ ተመትታ ነበር። ካሞ ኖ ቾሜይ የተባለው የዘመኑ ጸሐፊ እንደመዘገበው፣ አንድ መነኩሴ በሁለት ወራት ውስጥ በከተማዋ ጎዳናዎች የቆጠራቸው አስከሬኖች ከ42,300 በላይ ነበሩ። ስለሆነም የረኃብተኛ ገላ ለዘመኑ ተመልካች እንግዳ አልነበረም። ይሁን እንጂ በሥዕሉ ላይ የተራበው ጥፋተኛ ሆኖ ቀርቧል።

«ያማይ ኖ ሶሺ» በአንጻሩ ሕሙማንን ያሳያል። ጥርሱ የተነቃነቀበት ሰው፣ ሌሎች ተኝተው ሳለ እንቅልፍ ያጣች ሴት፣ የሚያስመልሳትና የሚያስቀምጣት በሽተኛ በጥንቃቄ ተሥለዋል። የዓይን ሐኪም ነኝ ባይ የበሽተኛውን ዓይን በመርፌ ሲወጋ ደም ይፈሳል፤ ጽሑፉም ዓይኑ ጨርሶ እንደጠፋ ይናገራል። ቆዳዋና ፀጉሯ የነጣ ሴት በመንገድ ስታልፍ ደግሞ መንገደኞች ይስቁባታል። ጋኔን የሌለበት ሥዕል እንኳ ፌዝ አላጣውም።

ከዚህ እንደምንረዳው የሕመምን ምልክት አጥርቶ ማየትና ለሕመምተኛው መራራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሠዓሊዎቹ በመጀመሪያው የተካኑ ነበሩ፤ ሁለተኛው ግን በፍርድና በሳቅ ተጋርዷል። ሆኖም በኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኘው የ«ጋኪ ዞሺ» ጥቅል ሌላም ገጽታ አለው። በዚያ ሞኩረን የተባለው የቡድሃ ደቀ መዝሙር የተራበ መንፈስ ሆና ላገኛት እናቱ ምግብ ያቀርባል። ስለ ጥፋቷ የተባለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ለልጇ የታየው ረኃቧ ነበር።